ጥዱ ላይ የተሸሸገችው የእሳት እራት እና የዛፍ ሽበቱ

የአዘዞዋ
መስከረም 14፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት ከልጄ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበርን። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን ከግቢው ጥዶች አንዱ ሥር አረፍ አልን። ግንዱ ከላይ እስከ ታች ሽበት አውጥቷል። ግራጫ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ነጣ ወዳለ አረንጓዴ ይወስደዋል። ልጄ ዳቦዋን እየገመጠች ዝም ብላ ግንዱን ስታይ ቆየችና «እማዬ፣ ሽበቱ ተንቀሳቀሰ» አለችኝ።

ጣቷን ተከትዬ ባይ ምንም የለም። ፊቴን አስጠግቼ ቆየሁ። ከዚያ ነው አንዷ «ሽበት» ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች እንዳሏት ያየሁት። የእሳት እራት ነች! ክንፎቿን ግንዱ ላይ ልጥፍ አድርጋ ዘርግታለች። ግራጫ መደብ፣ በላዩ ላይ የተንቀጠቀጠ ጥቁር መስመር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ። ክንፏ የት እንደሚያልቅና ሽበቱ የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ፎቶውን አያይዣለሁ፤ ፈልጋችሁ ካገኛችኋት ጎበዝ ናችሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ አለ። እንዴት ነው ሁለት የማይገናኙ ነገሮች እንዲህ የሚመሳሰሉት? አንዷ ትበራለች፣ ሌላው ካለበት አይነቃነቅም። ሽበቱን ትበላዋለች እንዴ? ሌላ ደግሞ፣ ቤቴ ያለው የኮክ ዛፍም ይኸው ሽበት ወጥቶበታል። ጎረቤቴ «ዛፉን እየመጠጠ ነው፣ በቢላ ፋቂው» ብላኛለች። ልፋቀው?

መምህር ከማራኪ
መስከረም 14፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ እባክሽ ቢላውን አስቀምጪው። ልጅሽን ደግሞ ሳሚልኝ። እንዲህ የሚያይ ዓይን ያላት ልጅ ብርቅ ናት።

ከሽበቱ ልጀምር። በትምህርት ቤት ስሙ ላይከን ነው። አንድ ፍጥረት አይደለም። ፈንገስና አልጌ አብረው የመሠረቱት ትዳር ነው በይው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ እርጥበት ይይዛል። አልጌው ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል። ሲሞን ሽቬንድነር የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ይህን ሲናገር ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር። ዛሬ የማይቀበለው የለም።

ሥር የለውም። ዛፉ ውስጥ ገብቶ የሚመጠው ነገር የለም። አጥር ተደግፎ እንደሚቆም ሰው ነው፤ አጥሩን አይበላውም። ብዙ ጊዜ የታመመ ዛፍ ላይ በዝቶ ስለሚታይ ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ ቅጠሉ ሲሳሳ ብርሃን ወደ ግንዱ ይገባል፤ ብርሃን ሲያገኝ ላይከኑ ይስፋፋል። የኮክ ዛፍሽ ከደከመ ሥሩን፣ አፈሩንና ውሃውን እይ።

አንድ ነገር ሞክሪ። ከልጅሽ ጋር ሆናችሁ የደረቀው ሽበት ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ዓይናችሁ እያየ ግራጫው አረንጓዴ ይሆናል። የላይኛው ሽፋን ሲርስ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው አልጌ ይታያል። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሳሳይ ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪ ሁሉ ይነሳል።

ወደ እራቷ ስንመጣ፣ ክንፏን እንዲያ ጠፍጥፋ መቀመጧ ትሎቻቸው ስንዝር እየሰፈሩ ከሚሄዱት ወገን ያስመስላታል። ጀርባውን እንደ ቀስት እየቀሰተ መሬቱን እንደሚለካ የሚራመደውን ትል ታውቂዋለሽ አይደል? ሽበቱን አትበላውም። ትል መሆኗ አብቅቶ ክንፍ ያወጣች የእሳት እራት የአበባ ማር ብትመጥ ነው፤ አንዳንዶቹማ አድገው ከወጡ በኋላ ምንም ሳይበሉ ነው የሚሞቱት። ትላቸው ላይከን የሚበላ የእሳት እራቶችም አሉ፣ ከዚሁ ወገን ሳይቀር። የአንቺዋ ግን አሁን ሽበቱን የምትፈልገው ለልብስ ነው። ወፍ እንዳያያት።

የእንግሊዟን የእሳት እራት ታሪክ ነገ እጽፍልሻለሁ። ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል።

ቀፎና ማር
መስከረም 15፣ ከጠዋቱ 12፡40

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ ለእሳት እራት ልቤ አይራራም። ባለፈው ክረምት ከአንገረብ ማዶ ካሉኝ ቀፎዎች አንዱን ስከፍት ሰፈፉ በሙሉ ድር ለብሶ አገኘሁት። የተበጠበጠ የጥጥ ፈትል ነው የሚመስለው። ውስጡ ወፍራም ነጭ ትል ይርመሰመሳል። ንቦቹ ጥለው ሄደዋል። የአንድ ዓመት ልፋት ነው በእሷ የጠፋው። ሌላ ደግሞ ማታ ማታ ቀፎ አፍ ላይ የምትመጣ ትልቅ አለች። ጀርባዋ ላይ የሰው ራስ ቅል ያለባት፣ ስትይዛት እንደ አይጥ የምትጮህ። ቤተሰቦቼ «ክፉ ምልክት ናት» ይላሉ። እነዚህም ልብስ ለባሽ ናቸው?

መምህር ከማራኪ
መስከረም 15፣ ከቀኑ 6፡15

ወንድሜ፣ ጉዳትህ ይገባኛል። ሰፈፉን የፈጀብህ የሰም ትል ነው። ክንፍ ያወጣችው እራት ሰም አትበላም፤ እንቁላሏን ትጥላለች፣ የሚበላው ትሉ ነው። ጠንካራ የንብ መንጋ ራሱ ያስወጣዋል። የሚያሸንፈው የደከመውን ቀፎ ነው። ስለዚህ ባዶ ሰፈፍ ቀፎ ውስጥ አትተው፤ መንጋው ካነሰም ቀፎውን አጥብበው።

ባለ ራስ ቅሏ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ትባላለች። ምልክት አይደለችም፣ ሌባ ናት። ማር ልትመጥ ነው የምትገባው። ጠረኗ የንብ ስለሚመስል ጠባቂዎቹ ይታለላሉ። የምትጮኸው በጉሮሮዋ አየር እየሳበች ነው። ከአፍሪካ ተነስታ ባሕር ተሻግራ አውሮፓ ድረስ ትበራለች። አንዷ በመልኳ ዛፍ ታታልላለች፣ ሌላዋ በጠረኗ ንብ ታታልላለች። ልብስ ማለት ለዓይን ብቻ አይደለም።

አሁን ቃሌን ልፈጽም።

እንግሊዝ አገር ቢስተን ቤቱላሪያ የምትባል የእሳት እራት አለች። ነጭ መደብ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ላይከን የለበሰ ግንድ ላይ ስታርፍ ልክ እንደ አንቺዋ ትጠፋለች። በ1848 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር አጠገብ ከሰል የመሰለች ጥቁር ተገኘች። ጊዜው ፋብሪካዎቹ ድንጋይ ከሰል የሚያነዱበት ነው። ጥቀርሻው ግንዱን አጠቆረው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው የድኝ ጋዝ ደግሞ ላይከኑን ገደለው። ነጯ እራት ጥቁር ግንድ ላይ እንደ በራ አምፖል ሆነች፣ ወፍ ለቀማት። በ1895 በማንቸስተር ከመቶው 98 ያህሉ ጥቁር ነበሩ። ከሃምሳ ዓመት በታች!

በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭሱ ሲቀንስ ጥቁሮቹ እየተመናመኑ ሄዱ። ዛሬ እዚያው አገር ጥቁሯን ማግኘት ብርቅ ነው።

እኔን የሚደንቀኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። ያው አንድ ጭስ እራቷን ልብስ አስቀየራት፣ ላይከኑን ግን ከአገር አስወጣው። እራቷ በየዓመቱ ትወልዳለች፣ ትሞታለች። በየዓመቱ ወፍ ይመርጣል፣ በየዓመቱ ትውልዱ ይቀየራል። ላይከኑ ግን በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውማ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሚያድግ አለው። ሥር ስለሌለው የሚጠጣው ከአየርና ከዝናብ ነው። አየሩ ውስጥ ያለውን መርዝ ሁሉ አብሮ ይጠጣል። የሚሸሽበት ክንፍ የለውም፣ የሚያራግፈው ቅጠል እንኳ የለውም።

የቀሐ ልጅ
መስከረም 15፣ ከምሽቱ 1፡50

መምህር፣ ይህን ታሪክ እኔም ተምሬዋለሁ። በኋላ ግን ፎቶዎቹ የሞቱ እራቶችን ግንድ ላይ ለጥፈው ያነሷቸው ናቸው ሲባል ሰማሁ። ሙከራው ራሱ ትክክል አልነበረም የሚሉም አሉ። ለልጆች እንደ እውነት ከማስተማር በፊት ይህን ማንሳት አይገባም? ለመከራከር ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ ያመንኩት ነገር ሲፈርስብኝ ስለሚያመኝ ነው።

መምህር ከማራኪ
መስከረም 15፣ ከምሽቱ 3፡05

ጥያቄህ የሚገባ ነው። ሳልነግራችሁ ማለፌ የእኔ ጥፋት ነው።

ፎቶዎቹ ላይ ያልከው እውነት ነው። ሁለቱን መልክ አጠገብ ለአጠገብ ለማሳየት ብዙዎቹ ታቅደው የተነሱ ናቸው። ሙከራውን የሠራው በርናርድ ኬትልዌል ነው። በ1953 በርሚንግሃም፣ በ1955 ደግሞ ዶርሴት። እራቶቹን ምልክት እያደረገ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ትችቱ በቀን መልቀቁና እነሱ በብዛት የማያርፉበት ግንድ ላይ ማስቀመጡ ነበር። ይህ ተገቢ ትችት ነው።

ከዚያ ግን ማይክል ማጀረስ የሚባል ሌላ ሰው ነገሩን ከሥሩ ደገመው። ካምብሪጅ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል። እራቶቹ በተፈጥሮ የት እንደሚያርፉ ዛፍ እየወጣ አየ። ብዙዎቹ ቅርንጫፍ ላይ፣ ከሦስት አንድ ያህሉ ግንድ ላይ ሆነው አገኛቸው። ከዚያ ማታ ማታ 4,864 እራት ለቆ የትኛዋ እንደምትተርፍ ተከታተለ። ወፎች ጥቁሯን አብልጠው ሲበሉ አየ፤ አካባቢው ንጹሕ ስለነበር። በ2009 አረፈ። ውጤቱን ባልደረቦቹ በ2012 አሳተሙለት። በ2016 ደግሞ ጥቁሩን ቀለም ያመጣው የዘር ለውጥ ራሱ ተገኘ፤ የተፈጠረበትም ጊዜ 1819 አካባቢ እንደሆነ ተገመተ። ማለትም ጥቁሯ ሰው ዓይን ከመግባቷ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ።

ስለዚህ አልፈረሰብህም፣ ወንድሜ። ተፈትኖ ነው የቆመው።

የቀሐ ልጅ
መስከረም 15፣ ከምሽቱ 3፡20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛፍ እየወጣ ማየቱን ወደድኩት።

ደባርቄው
መስከረም 16፣ ከጠዋቱ 3፡00

እናንተ ስለ ጥድ ሽበት ታወራላችሁ፣ ሰሜን ተራራ መጥታችሁ ብታዩ ምን ልትሉ ነው! በሥራዬ እንግዳ ይዤ ሳንቃበር በኩል አዘውትሬ እሄዳለሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አስታ ላይ ሽበት አይደለም የሚበቅለው፣ የመነኩሴ ጢም ነው። ከቅርንጫፉ ክንድ የሚያህል ይወርዳል። ጠዋት ጉም ከገደሉ ሥር ሲወጣ ጫካው ውስጥ ቁሙ። ጠብታ ዝናብ አልወረደም፤ ጢሙ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ከጉሙ ነው የሚጠጣው። ከሥሩ ያለው መሬት ረጥቦ ታገኙታላችሁ።

ለእንግዶቼ የማሳያቸው አንድ ነገር አለ። መሬት የወደቀ ጢም አነሳለሁ፣ አንዱን ክር በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ እስበዋለሁ። አረንጓዴው ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ከውስጡ ነጭ ክር እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። የጢሙ ወገን መለያው ይህ ነው። ከዛፍ ላይ ግን አልነቅልም፣ ሌላውም ሲነቅል ዝም አልልም። እዚያ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀበት አሁን መምህር ነግረውናል። አስታ ለማገዶ ሲቆረጥ ሁሉም ዛፉን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከዛፉ ጋር የወረደውን ጢም ማንም አይቆጥረውም።

መምህር፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ይህ ጢም ለምን የለም? ጭሱ ነው?

መምህር ከማራኪ
መስከረም 16፣ ከቀኑ 7፡30

ደስ የሚል ነገር ጻፍክ። ኡስኒያ ይባላል።

ሁሉን ነገር በጭስ ማሳበብ ግን አይቻልም። ጎንደር ከሳንቃበር አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ጉሙም እንደዚያ አይመላለስም። ጢሙ ጉም ይወዳል።

ላይከን በአቀማመጡ በሦስት ይከፈላል። እንደ ቅርፊት ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ፣ እንደ ቅጠል የሚነጠፍ፣ እንደ ጢም የሚንጠለጠል። በጥቅሉ ጢሙ ለአየር መበከል ከሁሉም ስስ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ቅርፊቱ ይበልጥ ይችላል። ደማቅ ቢጫና ብርቱካንማ ያላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ አቧራና የከብት ሽንት ያለበት ቦታ ይደላቸዋል። ስለዚህ «ሽበት ስላለ አየሩ ንጹሕ ነው» አትበሉ። የትኛው ዓይነት እንዳለ ነው የሚታየው። የፊንላንዱ ዊልያም ኒላንደር በ1866 ፓሪስ ሉክሰምበርግ የአትክልት ቦታ ውስጥ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። መሐል ከተማ የጠፉት ላይከኖች እዚያ አሉ፣ የአየሩ መለኪያ ናቸው አለ።

ለእሳት እራትም ያው ነው። ነገ ፒያሳ መብራት ሥር ጥቁር እራት ብታዩ «ጭሱ አጠቆራት» ማለት አይደለም። ጥቁር ሆነው የተፈጠሩ እልፍ ዓይነቶች አሉ። የማንቸስተሩ ነገር የታወቀው ሰብሳቢዎች ለዓመታት መልኳን እየመዘገቡ ስላቆዩ ነው።

የፒያሳ ልጅ
መስከረም 16፣ ከምሽቱ 2፡45

ከደመራ አሁን መግባቴ ነው። ችቦው ላይ ስንት የእሳት እራት ወደቀ መሰላችሁ! አንጀቴን በላኝ። ለምን ነው እሳት የሚወዱት?

መምህር ከማራኪ
መስከረም 16፣ ከምሽቱ 3፡10

እንኳን አደረሰህ። አይወዱትም። በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ አሳይቷል። በራሪ ነፍሳት ማታ ላዩንና ታቹን የሚለዩት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን በማዞር ነው። ሰማይ ሁልጊዜ ከመሬት ይበራላ። ችቦ ሲነድ ጀርባቸውን ወደ ችቦው ይሰጣሉ፣ ያኔ ዙሪያውን እየዞሩ መውጫ ያጣሉ። ስማቸው እራት ይላል እንጂ ራሳቸውን ሊሰጡ የሚመጡ አይደሉም። በረንዳህ ላይ የማያስፈልግ አምፖል ካለ አጥፋው፣ ብዙ ታድናለህ።

ድንጋይ ጠራቢ
መስከረም 17፣ ከቀኑ 9፡00

እንኳን አደረሳችሁ። እስከ አሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ሙያዬ ድንጋይ ነው። አንድ የድሮ ግንብ ጥገና ላይ ቀጥረውን (የቱ እንደሆነ ይቅር) «ግድግዳው ቆሽሿል፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቁት» ተባልን። ሦስት ቀን ፋቅን። ሽበቱ ወረደ። አብሮት ግን የድንጋዩ ፊት እንደ ዱቄት ረገፈ። አያቶቻችን በመሮ ያለሰለሱት ፊት ነው። እጄ ላይ ያ ዱቄት አሁንም ያለ ይመስለኛል።

መምህር፣ ዛፍ ላይ ጉዳት የለውም ብለዋል። ድንጋይ ላይስ? የፋሲል ግቢን ግንቦች ሳይ ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። የመጀመሪያው ግንብ በ1636 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጀመረ ነው ይባላል፤ ያን ሁሉ ዘመን ከሽበቱ ጋር ቆሟል።

መምህር ከማራኪ
መስከረም 17፣ ከምሽቱ 1፡15

ድንጋይ ላይ ነገሩ ይለያል። የፈንገሱ ክሮች በጥቃቅን ስንጥቅ ይገባሉ። አሲድም ያመነጫሉ። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይፈለፍለዋል። ግን «ቀስ በቀስ» ማለት በአንተ ዕድሜ ላታየው ትችላለህ ማለት ነው። የሽቦ ብሩሹ በሦስት ቀን ያደረሰውን ሽበቱ በአንድ ትውልድ አያደርሰውም። ክሮቹ ድንጋዩን ይዘው ስላሉ ስትነቅላቸው ድንጋዩን ይዘው ይወጣሉ። የረገፈው ዱቄት ያ ነው።

አንተ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው። አሁን ግን ታውቃለህ። ነገ ሌላ አሠሪ ሽቦ ሲያቀብልህ ይህን ንገረው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የቅርስ ጥገና ባለሙያ። ለመገጣጠሚያውም ኖራ እንጂ ሲሚንቶ አይሁን፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። የፋሲል ግቢም በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግኖ ኋላ ከፊሉን በኖራ ማረም አስፈልጓል።

ድንጋይ ጠራቢ
መስከረም 17፣ ከምሽቱ 1፡40

እነግራቸዋለሁ። አመሰግናለሁ መምህር።

የአዘዞዋ
መስከረም 19፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። የኮክ ዛፌ አልተፋቀም። ሥሩ ላይ ውሃ ተኝቶበት ኖሯል፣ ቦይ ቆፈርንለት።

ዛሬ ከልጄ ጋር መምህር ያሉትን ሞከርን። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ስድስት ዛፍ አየን። ባጃጁና የጭነት መኪናው የሚመላለስበት ጎን ላይ ያለው ግንድ በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ሁለቱ ላይ ምንም የለም። አራቱ ላይ እንደ ቅርፊት የተጣበቀ ብቻ፣ አንዱ ላይ ትንሽ ቢጫ። ቅጠል መሳዩን አንድም ቦታ አላገኘንም። ስድስት ዛፍ አይቶ መፍረድ እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ዛፎቹም ጥድ አይደሉም። ግን ጽፈን አስቀምጠነዋል። ልጄ ለየዛፉ ቁጥር ሰጥታ ደብተሯ ላይ ሥላዋለች።

ከዚያ ሥላሴ ተመለስን። እራቷ የለችም። ያረፈችበት ቦታ ግን ጠፍቶን አልቀረም፤ ልጄ አስታውሳ ወሰደችኝ። በኮዳ ክዳን ውሃ ጠብ አደረገችበት። እስከ ሦስት እንኳ ሳንቆጥር አረንጓዴ ሆነ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ክዳኑን ሞልታ ወደ ጎን ያለውን፣ ከዚያ ከፍ ያለውን፣ እጇ እስከሚደርስበት ድረስ። አንድ አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ምን እያጠጣሽ ነው ልጄ?» አሏት።

«ሽበቱን» አለቻቸው።

ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ደባርቄው
መስከረም 19፣ ከምሽቱ 2፡50

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ልጅቷን ይዘሽ ነይ። ሳንቃበር ራሴ እወስዳችኋለሁ። ደብተሯን እንዳትረሳ በያት።